ባለ ቁልፏ

ሦስተኛው መስኮት ላይ ሃያ ዓመት ቆሜ
ስንት አደራ አለፈ በሚዛን፣ በቀለሜ፤
እንደ ቦጉሚላ ግን የቆጠርኩለት ሰው የለም።
ቁልፍ ነበር ሥራዋ፤ የበር አይደለም፤
የካፖርት፣ የሹራብ፣
የሸሚዝ ደረት ላይ የሚያርፍ ትንሽ ክብ ዓለም።

አባቷ የተዉላት ሱቅ ግድግዳው ሙሉ መሳቢያ፣
የቀንድ፣ የዛጎል፣ የነሐስ ቁልፍ ማደሪያ።
ሉብሊን ግን ተለውጧል፤ ቁልፉ የወለቀበት ካፖርቱን ይጥላል፣
አዲስ ይገዛል፤ ለአንድ ፍሬ ቁልፍ ማን ይለፋል?
ኪራዩ ጨመረ። በኅዳር ቅዝቃዜ
መሳቢያውን በጋሪ ወደ ቤቷ አጋዘች፣ ብቻዋን፣ በስንት ጊዜ፤
በመጨረሻም በሩን ቆለፈችው።
ሱቅ ሲቆለፍ ቁልፍ ይከፈታል ብል ያምርብኝ ነበር፤
እሷ ቀልድ አትወድም፣ ልተወው።

የእህቷ ልጅ ካሊና፣ ስልኳን አስደግፋ በስኳር ቆርቆሮ፣
ፎቶ አነሣች አንድ በአንድ፣ በጥቁር ሻርፕ ላይ፣ ብርሃኑ በመጋረጃ ተመጥሮ፤
ድረ ገጽ ከፈተችላት። ስም ስጪው ብትላት «የአባቴን ስም» አለች፤
ዋጋ ጻፊ ብትላት
ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ ስትሰርዝ ዋለች።

አርባ ቀን ዝር ያለ የለም።
እኔ ጋ መጥታ አሥር ፖስታ ገዛች፤ ለምን? ብላት፣ «አይታወቅም»።

በአርባ አንደኛው ቀን መጣች፤
አንድ ፖስታ፣ አንድ ቁልፍ፣ ስምንት ግራም፣
ወደ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ።
ቴምብሩ ከቁልፉ ይወደድ ነበር፤ ልነግራት ብዬ አልደፈርኩም።
«ድመት ውጣባት ነው» አለችኝ፣ «አራተኛውን፣
አረንጓዴውን፣ ባለ ሁለት ቀዳዳውን።»
በሁለት እጇ ነበር የሰጠችኝ፤
እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን፣
እኔም ማኅተሜን ቀስ አድርጌ አሳረፍኩ፣ እንዳይነቃብን።

ከዚያ ሁለት። ከዚያ ሰባት። ለፋሲካ ሠላሳ።
ከኋላዋ ያለው ሽማግሌ በምርኩዙ ወለሉን ደበደበ፤
እሷ ትቆጥራለች፦ ናጎያ፣ ሞንቴቪዴዮ፣ ኦዴሳ።
ስሕተትም ነበረ። ሰማያዊ ላዘዘ ጥቁር ላከች፤
ሰውየው በአንዲት ኮከብ ቀጣት።
ሦስት ቀን አላየኋት።
በአራተኛው ሁለት ፖስታ ይዛ ቆመች፦
በአንዱ ሰማያዊው ቁልፍ፣ በሌላው በእጇ የጻፈችው ይቅርታ።
ባንድ አድርጊው፣ ቴምብር ይተርፍሻል አልኳት።
«ይቅርታ ከዕቃ ጋር አይላክም» አለችኝ፣ ሁለቱንም ከፍላ፣ ቦርሳዋን ዘግታ።

ካሊና ግን ሒሳብ ታውቃለች። «አክስቴ፣
በአንድ በአንድ ፍሬ አንኖርም፤ ትእዛዝ ከሃያ ይጀምር።»
ከባቡር ጣቢያው ጀርባ መጋዘን ተከራዩ፤
ሦስት ሴቶች ቀጠሩ፣ አድራሻ የሚያትም ማሽን ገዙ፣
ደግሞ ሚዛን፣ የኔን ሚዛን የሚያሳፍር።
አሁን ቢጫ መኪና በየማለዳው ከደጃቸው ይጭናል፤
ሺህ ጥቅል፣ አንዳንዴም ከሺህ ያልፋል፤
ንግድ እንደ ልጅ ነው፣ ካደገ ከእቅፍ ወርዶ ይሮጣል።
ደስ ብሎኛል።
ደስ ብሎኛል እያልኩ ባዶ ሰልፍ አያለሁ፣
የቴምብር ስፖንጄን ውሃ አጠጣለሁ።

ትናንት፣ ልንዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረን፣
መነጽር አድርጋ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣች።
አንድ ፖስታ። ዘጠኝ ግራም።
ከሃያ በታች አንሸጥም አላላችሁም? ብላት
ግራ ቀኙን ገላመጠች፤
«ካሊና እንዳትሰማ።»
መጋዘን ሙሉ ሚዛን እያለሽ፣ አልኳት፣ እዚህ ድረስ በዝናም?
«የኛ ሚዛን» አለች፣ ሳንቲም እየፈለገች፣
«ሃምሳ ግራም ካልሞላ አያይም።»